ግማሽ ጎማው የወጣ የድሮ አውሮፕላን፦ ምንድን ነው?

ጥያቄ (አቡሽ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ከጓደኞቼ ጋር ጨዋታ አለን፤ አንዱ የድሮ አውሮፕላን ፎቶ ቆርጦ ይልካል፣ ሌሎቻችን ዓይነቱን እናወጣለን። የአሁኑ አስቸግሮኛል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ እየበረረ ከፊት በኩል ሰያፍ የተነሣ፣ አፍንጫው ወደ ግራ። የሚታየው አንድ ሞተር ባለ ሦስት ምላስ ፕሮፔለር፣ ከሥሩ ብቅ ያለ ግማሽ ጎማ፣ ከክንፉ ኋላ ደግሞ የበር ጠርዝ። ሌላው ተቆርጧል። እስከ ነገ ማታ መልስ መስጠት አለብኝ።

ሳሚ፦ ኮንቬር 240 ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ድሮ ነበረው።

ጋሽ ሞላ፦ ሳሚ ልጄ፣ አይደለም። የኮንቬር ጎማ ሲሰበሰብ መዝጊያ ይሸፍነዋል። በበረራ ላይ ግማሽ ጎማ ከሞተሩ ሥር ካየህ መጀመሪያ የምታስበው የዲሲ-3ን ዘር ነው። ጎማው ባይወጣና በሆዱ ቢያርፍ እንኳ ያ ግማሽ ጎማ ጉዳቱን ይቀንሳል።

ቲጂ፦ ቢ-17 ቦምብ ጣይም ግማሽ ጎማው ይወጣል እኮ። ባለ አራት ሞተር ነው፣ ግን ፎቶው ላይ የሚታየው አንድ ብቻ ስለሆነ በዚያ መለየት አይቻልም።

ጋሽ ሞላ፦ ጥሩ ብለሻል፣ ቲጂዬ። እንግዲያው ሲሊንደር ይቆጠር። አቡሽ፣ ፎቶውን አጉላና የሞተሩን ፊት እይ። 9 የሲሊንደር ራሶች በአንድ ረድፍ ካሉ የቢ-17 ሞተር ሊሆን ይችላል፤ በሶቪየት የተሠራው የዲሲ-3 ዓይነት፣ ሊ-2ም፣ 9 ነው። 7 ብቻ ከቆጠርክ ግን ሁለት ረድፍ ነው፣ ከኋላ ሌላ 7 ተደብቋል፤ 14 ሲሊንደር ያለው፣ ብዙዎቹ የዲሲ-3 ዘሮች የሚጠቀሙበት የፕራት ኤንድ ዊትኒ ኩባንያ ሞተር ማለት ነው። ምላሱ ከጋረደብህ በጎረቤት ራሶች መካከል ያለውን ማዕዘን ለካ፦ ለ7 ወደ 51 ዲግሪ፣ ለ9 ደግሞ 40። ፎቶው ሰያፍ ስለሆነ ትንሽ ይዛባል፣ ልዩነቱ ግን ይታያል።

አቡሽ፦ 7 ነው ጋሼ! ሁለቱን ምላሱ ቢጋርዳቸውም ርቀታቸው እኩል ነው።

ቲጂ፦ ፎቶው ተገልብጦ እንዳይሆን። ድሮ አንዳንዴ ፊልሙ በስሕተት በተቃራኒው ይታተም ነበር፣ ቀኝ ግራ ይሆናል። የተጻፈ ነገር አለ?

አቡሽ፦ ክንፉ ሥር ቁጥር አለ፣ በትክክል ይነበባል። በሩም ሰፊ ነው፣ መሐሉ ላይ የተከፈለ መስመር አለው።

ጋሽ ሞላ፦ አለቀ። በግራ በኩል፣ ከክንፉ ኋላ ያለ ሰፊ ባለ ሁለት ክፍል የጭነት በር የሲ-47፣ ማለትም ለጦር ኃይል ጭነት የተሠራው የዲሲ-3 ዓይነት፣ ምልክት ነው። «ዲሲ-3» ብቻ ብለህ አትላክ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ሲ-47 ወደ መንገደኛ ሥራ ዞሯል፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ካይሮ የሄደው የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ በረራም በሲ-47 ነበር።

ሳሚ፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ። አቡሽ፣ ዳኛችሁ «ዳኮታ ነው እንጂ» ብሎ ከተከራከረ እንግሊዞች ለዚያው ለሲ-47 ያወጡለት ስም ነው፤ ነጥቡን አትልቀቅ።