የራይት ወንድማማቾች ክስ፦ መብት ወይስ ስስት?

መነሻ ጥያቄ፦ ዊልበርና ኦርቪል ራይት በ1903 በሞተር በረሩ። አውሮፕላኑን በአየር ላይ ሚዛን ለሚያስጠብቁበት ዘዴ በ1906 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አወጡ፤ በ1909 ዘዴያችንን ያለ ፈቃድ ተጠቀመ ብለው ሌላውን አሜሪካዊ አውሮፕላን ሠሪ ግሌን ከርቲስን ከሰሱ። ልክ ነበሩ? (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መካኒኩ፦ አልነበሩም። የእነሱ ዘዴ ክንፉን በሽቦ ስቦ መጠምዘዝ ነው። ከርቲስ ግን ትንንሽ ተንቀሳቃሽ ክንፎች ገጠመ። የዛሬው አውሮፕላንም የሚያጋድለው በእንደዚያ ዓይነቱ ነው። ክሱ አሜሪካን ወደኋላ ጎተታት። በ1917 አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ አብራሪዎቿ በአብዛኛው የተዋጉት በፈረንሳይ አውሮፕላን ነው።

የታሪክ መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ ሽቦው ላይ ብቻ አትቁም። ፓተንቱ የያዘው ሐሳቡን ነው፦ ግራና ቀኝ ክንፍ ነፋሱን የሚገጥሙበትን ማዕዘን እየለዋወጡ ሚዛን መጠበቅ። ፍርድ ቤቱ በ1913፣ ይግባኝ ሰሚውም በ1914 ለራይቶች የፈረዱት ለዚህ ነው። ደግሞ ሐሳቡ ከሰማይ አልወረደላቸውም። በ1901 የነበረው የክንፍ ስሌት አልሠራ ሲላቸው፣ ዴይተን ከተማ ባለው ብስክሌት ሱቃቸው የነፋስ መሞከሪያ ሳጥን ሠርተው ወደ 200 የሚጠጉ የክንፍ ቅርጾች ፈተሹ። በራሳቸው ገንዘብ! ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ ሙዚየምና የምርምር ተቋም ኃላፊ ሳሙኤል ላንግሊ ግን የሚበር ማሽን እንዲሠራ ከጦር ሠራዊቱ 50,000 ዶላር ተሰጥቶት ማሽኑ ፖቶማክ ወንዝ ገባ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ራይቶች በረሩ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የኋላው ነው። በ1914 ስሚዝሶኒያን ያንኑ የላንግሊ ማሽን ለከርቲስ ሰጠው። በክሱ የተሸነፈው ሰው እኮ ነው ሞካሪ የሆነው! ብዙ ቦታውን ለዋውጦ ለጥቂት ሴኮንድ ከሐይቅ ላይ አስነሳው። ተቋሙም ሰው ይዞ ለመብረር የበቃ የመጀመሪያው አውሮፕላን ይህ ነው ብሎ ለሕዝብ አሳየው። ኦርቪል ተቆጥቶ የ1903ቱን አውሮፕላን በ1928 ለንደን ላከው። ተቋሙ ስህተቱን ያመነው በ1942 ነው።

የሰማይ ወዳጅ፦ ሳንቶስ ዱሞንን ረሳችሁት። ብራዚላዊው በ1906 ፓሪስ ላይ ሕዝብ ፊት 220 ሜትር በረረ። ዴሞዛዬል የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላኑን ንድፍ ደግሞ ማንም እንዲሠራት በነፃ ለቀቀው።

መካኒኩ፦ በስሚዝሶኒያኑ ነገር እህቴ ረትተሽኛል። ያ ማጭበርበር ነው። በክሱ ግን አልለቅም። ዊልበር በ1912 በታይፎይድ ሲሞት ገና 45 ዓመቱ ነበር። የመጨረሻ ዓመታቱን የበላው አዲስ አውሮፕላን መሥራት ሳይሆን ጠበቃና ፍርድ ቤት ነው። ያ ጭንቅላት እኮ ነው በክስ ወረቀት ያለቀው።