የመብት ጥናት ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ይከብዳል? ተከራከሩ

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ተመራቂ ናት፣ ሲቪክስ ነው የምትማረው። ለመመረቂያ ጽሑፏ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነዋሪው ምን ያህል ይሳተፋል የሚል ርዕስ ይዛ ሄደች። አድቫይዘሯ «ዴሞክራሲ፣ ሰብአዊ መብት ምናምን ለማስተርስ ይቆይሽ፣ ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ሥሪ» አላት። ልክ ነው ትላላችሁ?

ታቦር፦ ልክ ነው። እኔም ሠርቼ አይቼዋለሁ። 60 መጠይቅ በትነን ግማሹን ዶርም ቁጭ ብለን ራሳችን ሞላነው፣ እውነቱን ልናገር ብዬ ነው። የተመለሰውም ቢሆን ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ» ላይ ነው ምልክቱ። የቀበሌው ሰው አጠገቡ ቆሞ ሌላ ምን ይበል?

ባለባጃጁ፦ እኔ ደግሞ ተጠያቂው ነኝ 😂 አሞራ ገደል ሰው ስጠብቅ አንዷ ወረቀት ሰጠችኝ። «በአስተዳደራዊ ውሳኔዎች ላይ ያለዎት የተሳትፎ ደረጃ» ይላል። ስብሰባ ሄደህ ታውቃለህ ወይ ብትለኝ በአንድ ቃል እመልስላት ነበር። «መካከለኛ» ላይ አደረግኩና ተሳፋሪ ሲመጣ ሄድኩ። ምን እንዳገኘችበትም እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ሕግ ሦስተኛ ዓመት፦ ታቦር፣ መጠይቁን ዶርም የሞላችሁት እናንተ፣ ጥፋቱ የርዕሱ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ መሰብሰብም ማሰራጨትም መብት ነው ይላል፣ ከማስተርስ ጀምሮ የሚል የለበትም። ደግሞ ኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ዕለት እዚህ ከተማ 18 ዓመት የሞላው ወረፋ ይዞ ክልል ይሁን አይሁን ብሎ ድምፅ ሰጥቷል። ያው ልጅ ስለ ቀበሌው ልጠይቅ ሲል ገና ነህ ይባላል? የድሮ ፍርሃት ነው ይሄ። በ2001 የወጣው አዋጅ 621 ከ10 በመቶ በላይ ገቢው ከውጭ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት መብት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር፣ ዘርፉ በሙሉ ቀዘቀዘ። በ2011 በአዋጅ 1113 ተተካ፣ መምህራኑ ግን አሁንም ርዕሱን ሲሰሙ ይደነግጣሉ።

ቾክ የጨረሰው፦ መምህር ነኝ፣ ስለ ፍርሃቱ አልዋሽም፣ አለ። ግን ሌላም አለ። ስለ እስር ልጠይቅ ብሎ ሰው አስለቅሶ፣ ስም ያለበትን ወረቀት ዶርም አልጋ ላይ ጥሎ የሚወጣ ተማሪ ገጥሞኛል። መላሹን ማን ይጠብቀው? ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ ልጁ ሐሳቡ እዚያ ነው። በዚያ ላይ «የዴሞክራሲ ግንባታ በኢትዮጵያ» ብሎ ይመጣል፣ በ40 ገጽ! እኔ ብሆን አንድ ቀበሌ፣ አንድ ስብሰባ እላታለሁ። አስፈቅዳ ከኋላ ትቀመጥ። ስንት ሴት እጇን አወጣች፣ ለስንቷ ዕድል ተሰጠ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ የማን ሐሳብ ገባ፣ ትቁጠር። ስም አትጻፍ። መጠይቅም አያስፈልጋት።

ታቦር፦ እንዲህ ከሆነ እኔም ተቃውሞ የለኝም። ግን ቃለ ጉባኤውን ማን ያሳያታል?

ባለባጃጁ፦ የኛ ሰፈር ቆሻሻ የሚነሳበትን ቀን ማን እንደወሰነ ራሱ የሚያውቅ የለም እኮ።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ እህቴ አጠገቤ ሆና እያነበበች ነው። የባለባጃጁን ስታይ ሳቀች። ቆሻሻውን ተቀብያለሁ ብላለች፣ ርዕሱን «የቆሻሻ ማንሻ ቀንና ክፍያ ማን ይወስናል» አድርጋ ሰኞ ይዛ ልትገባ ነው።