የሰጋቱራ ጣውላዬ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ፤ ምን ላድርግ?

አናጢው፦
እንዴት ናችሁ። ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፣ 20 ዓመት አልፎኛል። ሰጋቱራ በየቀኑ ሦስት አራት ማዳበሪያ ይወጣል። ለዶሮ ቤት የሚወስዱ ነበሩ፣ እነሱም ጠፉ። ከፕላስቲክ ጋር አቅልጠው ለአጥርና ለወለል ጣውላ እንደሚሠሩበት ሰማሁና ሞከርኩ። መጀመሪያ በሃይላንድ ጠርሙስ ነበር፤ ፕላስቲኩ ሳይቀልጥ ሰጋቱራው ከሰል ሆነ። ቀጥሎ ከቆራሌው አሮጌ ቢጫ ጀሪካን ገዝቼ፣ ከትፌ፣ በብረት ድስት አቀለጥኩ። ሁለት እጅ ሰጋቱራ፣ አንድ እጅ ፕላስቲክ። በላሜራ ቅርጽ ውስጥ ጨምሬ በመኪና ክሪክ ጨመቅኩት። ላዩ ያምራል! በመጋዝ ስቆርጠው ግን ውስጡ ዓይን በዓይን፣ ልክ እንጀራ። ከወገቤ ላይ ለቀቅኩት፣ ለሁለት ተሰበረ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

የፕላስቲክ ፋብሪካ ሠራተኛ፦
ዓይኑ እንፋሎት ነው ወንድሜ። ሰጋቱራ በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ ቢመስልም ከክብደቱ 10 በመቶ ያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል። ትኩስ ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ ይተንና መውጫ ሲያጣ ይነፋዋል። ምጣድ ላይ በትንሽ እሳት አምሰው። መልኩ እንዳይጠቁር። እየመዘንክ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም። ከዚያ ወዲያው አቀላቅለው፤ ካደረ ከአየሩ መልሶ ይጠጣል። ሃይላንዱን ተወው። እሱ የሚቀልጠው 250 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እንጨት ደግሞ 200ን ካለፈ መበላሸት ይጀምራል። ጀሪካን 130 አካባቢ ይበቃዋል።

የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ፦
ጋሼ፣ መሰበሩ ሌላም ምክንያት አለው። እንጨት ውሃ ይወዳል፣ የጀሪካን ፕላስቲክ ይሸሻል። ጎን ለጎን ቢቀመጡም አይያያዙም። ፋብሪካዎች ማሌይክ አንሃይድራይድ የሚባል ኬሚካል የተያያዘበት ፕላስቲክ ጥቂት በመቶ ይጨምራሉ፤ ሁለቱን የሚያስታርቀው እሱ ነው። ደግሞ ሰጋቱራ ደቃቅ ነው። ያጠጥረዋል እንጂ ስንጥቅ አይገታም። ጭድ የሌለበት ጭቃ በሉት። እንደ ጭድ የሚሆነው ረጅም ክር ያለው ነው፦ ካርቶን፣ ጋዜጣ። ግን ካርቶን ያለ ማሽን ማቀላቀል መከራ ነው። እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሞክረን ጓል ጓል ሠርቶ ቀረ። ሰጋቱራውንም ቀንሱት፤ ለጅማሬ በክብደት 30 በመቶ ይበቃል።

ጎረቤት ያለው፦
ድስቱ ውጭ ይሁን እባክህ። የፀረ ተባይ ጀሪካን አታቅልጥ። የፒቪሲ ቱቦ ስብርባሪ በስህተት እንኳ አይግባ፤ ሲቃጠል አሲድ ነው የሚያተነው። ቆራሌው አይለይልህም።

አናጢው፦
ተመልሻለሁ። አንድ ኪሎ ሰጋቱራ አመስኩ፣ 890 ግራም ቀረ። ሌላው ውሃ ነበር! ዓይኑ ጠፋ ማለት ይቻላል። ጣልኩት፣ አልተሰበረም። ሚስማር ስመታበት ግን ጠርዙ ተሰነጠቀ፤ አሁን መጀመሪያ በትራፓኖ እበሳዋለሁ። ሁለት በርጩማ ላይ ገጥሜዋለሁ። አንዱን ባለቤቴ ማድ ቤት ወስዳው ሳምንት ተቀምጣበታለች።