የጨቅላ ሕፃናት ክፍላችን ውስጥ ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ እየተዛመተ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ተረኛዋ ነርስ፣ ደሴ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ነው የምሠራው። ሰሞኑን ደህና የነበረ ልጅ ከገባ ከ3 ቀን በኋላ ወተት እምቢ ይላል፣ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። የደም ካልቸር (ባክቴሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ አድጎ እንዲለይ) ስንልክ ደጋግሞ የሚመጣልን ክሌብሲየላ ነው። አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የተባሉት መድኃኒቶች አልበገሩትም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ማሞቂያ ላይ ሁለት ልጅ የምናስተኛበት ጊዜ አለ። ውሃ ሲጠፋ ከጀሪካን እንቀዳለን። ኃላፊያችን «ግድግዳው፣ በሩ፣ ሁሉም ስዋብ ይደረግ (በጥጥ እየተጠረገ ናሙና ይወሰድ)» ይላሉ። ከወረኢሉ የመጣች እናት ደግሞ «ልጄን እዚሁ ነው የያዘው አይደል?» ብላኝ የምመልሰው አጣሁ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ
እህቴ፣ ስዋቡ ይቆይ። ክሌብሲየላን የእጅ መታጠቢያ ውስጥ ከፈለግሽው አታጪውም። ልጆቹን የያዘው እሱ መሆኑን ግን አይነግርሽም። መጀመሪያ የልጆቹን የሕክምና ካርድ አውጪ። ማን እንደ ታማሚ እንደሚቆጠር ወስኚና ሁሉንም አንድ ወረቀት ላይ አስፍሪ፦ ክብደት፣ የገባበት ቀን፣ የተኛበት ቦታ፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቱቦ)፣ ኦክሲጅን፣ መድኃኒቱ የተቀዳበት ብልቃጥ። በዚያው ሰሞን ተኝተው ያልታመሙትንም አስገቢ። የታመሙት አግኝተው ጤነኞቹ ያላገኙት ነገር ከወጣ፣ ስዋቡ እዚያ ይሂድ። ላቦራቶሪው ያሳደገውን ባክቴሪያ እንዳይጥል ደግሞ ዛሬውኑ ተናገሪ፤ አንድ ዓይነት መሆኑን የምናነጻጽረው በሱ ነው።

የሕፃናት ሐኪም
እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ግሉኮሱን ነው። አንዱን ከረጢት ለስንት ልጅ ነው የምትቀዱት? ጨቅላ የሚፈልገው ጥቂት ነው፤ የተረፈውን መጣል ያንገበግባል፣ ስለዚህ መርፌ እንደተሰካበት ይቀመጣል። ክሌብሲየላ ደግሞ በተራ የክፍል ሙቀት ግሉኮስ ውስጥ ይራባል። በ1970 እና 71 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዘመዱ ኢንትሮባክተር በተበከለ ግሉኮስ ብዙ ሆስፒታሎችን አዳርሷል። የኦክሲጅን ማርጠቢያውን ጠርሙስም እዪው። ውሃው ተደፍቶ፣ ጠርሙሱ ታጥቦ ደርቆ ነው የሚሞላው ወይስ በላዩ ላይ ይጨመርበታል? የፈሳሽ ሳሙናው ዕቃም እንደዚያው ነው።
እናትየዋን አትሸሿት። «ሆስፒታል ውስጥ የያዘው ይመስለናል፣ ምንጩን እየፈለግን ነው» በሏት። የማወቅ መብት አላት።

ሲስተር ከቧንቧ ውሃ ሰፈር
ውጤት እስኪመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። የታመሙትን አንድ ጥግ ሰብስቧቸው፤ የራሳቸው ነርስ፣ የራሳቸው ስቴቶስኮፕ ይኑራቸው። ውሃ ባይኖርም በየማሞቂያው አጠገብ የአልኮል ማሻሻ ይቀመጥ፤ እስኪደርቅ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መታሸት አለበት። ጠንከር ያሉትን ልጆች እናቶቻቸው ደረታቸው ላይ በገላቸው ይያዟቸው። ኢንፌክሽን ይቀንሳል፣ ማሞቂያም ይለቀቅላችኋል። የማን ጥፋት ነው የሚለውን ደግሞ ከስብሰባው አስወጡት። ሰው ከፈራ ከረጢቱን ለስንት ልጅ እንደቀዳው አይነግራችሁም፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ እሱኑ ነው።