ግንባሯ ላይ ሲለካ 14 አለ፤ ደም ሳይታይ እስከ ነገ መጠበቅ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የማክዳ አባት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ልጃችን ሴት ናት። በ38 ሳምንት በሰላም ተወለደች፤ በማግስቱ ወደ ቤት ገባን። ዛሬ ጠዋት ፊቷና የዓይኗ ነጩ ክፍል ቢጫ ሆኖ አየነው። አሁን ከተወለደች 60 ሰዓት ገደማ ሆኗታል። አጠገባችን ያለ ክሊኒክ ወሰድናት። ነርሷ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ግንባሯ ላይ አስነክታ ብልጭ አደረገችና «14 ነው፣ ነገ አምጧት» አለች። ደም አልወሰዱም። አማቴ ደግሞ ትናንትም ዛሬም ጠዋት ፀሐይ አሙቃታለች፤ «የሁሉም ልጅ ነው፣ በፀሐይ ይለቃል» ትላለች። ያለ ደም የሚለካ ነገር ይታመናል? 14 ብዙ ነው?

መልስ፦ ሲስተር ቲ (የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ)

እንኳን ማርያም ማረቻት። ወንድሜ፣ መሣሪያዋ ጥሩ ናት። ግን ሥራዋ ማጣራት ነው፤ ደም የሚያስፈልገውን ልጅ ከማያስፈልገው ትለያለች። ብርሃን ወደ ቆዳ ትልካለች፣ ተመልሶ ከሚመጣው ተነሥታ ቆዳ ውስጥ ያለውን ቢሊሩቢን (ቆዳን ቢጫ የሚያደርገውን ነገር) ታሰላለች። ከደሙ ውጤት በ2 ወይም በ3 ልትለያይ ትችላለች። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ ከደሙ ከፍ አድርጋ ታነባለች። በዓይን ከመገመት ግን በጣም ትሻላለች።

«14 ብዙ ነው?» ለሚለው፣ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። ዕድሜዋ በሰዓት መታወቅ አለበት። 38 ሳምንት ለሞላው ልጅ የእንግሊዝ መመሪያ ፎቶቴራፒ (መብራት ስር አስተኝቶ ማከም) የሚያስጀምረው በ24 ሰዓት ወደ 11.7፣ በ48 ሰዓት ወደ 14.6፣ በ72 ሰዓት ወደ 17.5 ላይ ሲደርስ ነው። በ60 ሰዓት መሐሉ 16 ገደማ ይመጣል። ልጅህ ከዚህ መስመር በታች ናት፣ ግን በ2 ብቻ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች መመሪያ ደግሞ የመሣሪያዋ ንባብ ለመስመሩ በ3 ወይም ከዚያ ባነሰ ከቀረበ በደም ይረጋገጥ ይላል። ስለዚህ ነገን አትጠብቁ። ዛሬውኑ ደም ይታይላት።

የባለቤትህ የደም ዓይነት ምንድን ነው? ልጅቷ ጡት በደንብ ትይዛለች?

የማክዳ አባት፦

እናመሰግናለን ሲስተር። ባለቤቴ ኦ ፖዘቲቭ ናት። ጡት ትጠባለች፣ ግን ቶሎ እንቅልፍ ይወስዳታል።

ሲስተር ቲ፦

ሾተላይ ሲባል ሰው ሁሉ አር ኤች ነጌቲቭን ብቻ ያስባል። እናት ኦ ሆና ልጅ ኤ ወይም ቢ ስትሆንም የእናት አንቲቦዲ (ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚከላከልበት) የልጅን ቀይ የደም ሴል ሊሰብር ይችላል። ብዙውን ጊዜ ቀለል ይላል፤ አንዳንዴ ግን ቢሊሩቢኑን ባንዴ ያወጣዋል። የልጅቷ የደም ዓይነትና ኩምብስም (አንቲቦዲ ቀይ የደም ሴሏ ላይ መጣበቁን የሚያሳይ ምርመራ) አብሮ ይሠራ። እየቀሰቀሳችሁ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ትጥባ። ስኳር ውኃም ሆነ ቅቤ እንዳትሰጧት፣ በእናት ጡት ቦታ ይገባል እንጂ ቢጫውን አያወጣም።

መልስ፦ ላብራቶሪስት

ከተረከዝ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ናሙናው ወደ ሌላ ላብራቶሪ የሚላክ ከሆነ ቱቦው በፎይል መጠቅለሉን እዩ። ቢሊሩቢን ብርሃን ሲያገኘው ይፈርሳል፤ መስኮት ዳር የቆየ ናሙና ዝቅ ያለ ውጤት ይሰጣል። ይሄን ሳትሳቀቁ ጠይቁ። «ቶታል» (ጠቅላላው ቢሊሩቢን) እና «ዳይሬክት» (ጉበት የለወጠው ክፍል) ሁለቱም ይጻፉ። ተረከዙ በጣም ተጨምቆ ደሙ ከተሰበረም ውጤቱ ይዛባል፤ እንደገና እንውሰድ ቢሏችሁ አትቆጡ።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት (ስቶክሆልም)

እኔ የምጨምረው ስለ መለኪያው ነው። እዚህ በማይክሮሞል በሊትር ነው የሚነግሩን፣ እናንተ ጋ በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። የኔ ልጅ 240 ሲባል አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ደነገጡ። ያንተው 14 ማለት ነው፤ የእናንተን ቁጥር በ17 ማባዛት ነው። ከሰው ጋር ስታወዳድሩ መጀመሪያ በምን እንደተለካ ጠይቁ። አዋላጇ ደግሞ የምትለካው ደረት ላይ ነበር።

ሲስተር ቲ፦

ደረቱን ስላነሣሽው ደስ አለኝ። ግንባር ፀሐይ ያገኘዋል። ፀሐይ የነካው ቆዳ ውስጥ ቢሊሩቢኑ ይቀንሳል፣ ደሙ ውስጥ ያለው ግን እንዳለ ሊሆን ይችላል። ይቺ ልጅ ሁለት ጠዋት ፀሐይ ሞቃለች፤ 14ቱ አሳንሶም ሊሆን ይችላል። ደረቷ ላይ ይለካ።

እናታችሁንም አትቆጧቸው። ፀሐይ ቢሊሩቢንን ይሰብራል የሚሉት እውነት ነው። ፎቶቴራፒ ራሱ የተገኘው እንግሊዝ አገር ሮችፎርድ ሆስፒታል ውስጥ ሲስተር ዋርድ የምትባል ነርስ ሕፃናትን ግቢ ፀሐይ ላይ ስታወጣ ቆዳቸው እንደሚነጣ አይታ ነው። ዶክተር ክሬመርና ባልደረቦቹ በ1958 እ.ኤ.አ. በመብራት ሠርተው አሳተሙት። ግን የጠዋት ፀሐይ መጠኑ አይታወቅም፣ ልጁን ያቃጥላል ወይም ይበርደዋል፤ ከሁሉ በላይ ቤተሰብን ያዘናጋል። ይሄ የሚያሳስበኝ ነገር ነው። አርፍደው የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ፀሐይ ሲሞቁ የቆዩ ናቸው። አእምሮ ከተጎዳ ደግሞ አይመለስም።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ (ወሎ፣ ጤና ጣቢያ)

እኛ ጋ መሣሪያውም ምርመራውም የለም። እንደኔ ላላችሁ፦ ልጁን በቀን ብርሃን እዩ፣ ቆዳውን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ድዱንና ዓይኑን ተመልከቱ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ፣ ወይም መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ የሆነ ልጅ ወዲያው ይላክ። 14 ቀን አልፎት ቢጫ የሆነም እንዲሁ። «ፊቱ ላይ ብቻ ነው» ብላችሁ ግን አታሰናብቱ፤ ዓይን ያታልላል።

የማክዳ አባት፦

ደም ተሠራ። ቶታሉ 13.4፣ ዳይሬክቱ 0.5። ልጅቷ ኤ ፖዘቲቭ ናት፣ ኩምብስ ነጌቲቭ። ዶክተሩ አሁን መብራት አያስፈልጋትም፣ ነገ ጠዋት ይደገም አለ። ነገ በመሣሪያዋ ብቻ ቢታይ ይበቃል?

ሲስተር ቲ፦

ተመስገን። መብራት ስር ስላልገባች መሣሪያዋ ትሠራላታለች። ፎቶቴራፒ ብትጀምር ግን ደም ብቻ ነው የሚታመነው፤ ቆዳው ስለሚነጣ መሣሪያዋ ዝቅ አድርጋ ታነባለች። ነገ ደረቷ ላይ ለኩ፣ ሰዓቱን ጻፉ። ቁጥሩ ለመስመሩ ከቀረበ፣ ወይም በሰዓት 0.2 እና ከዚያ በላይ እየጨመረ ከሆነ ደም ይደገም፤ ኩምብስ ነጌቲቭ ቢሆንም ደሟ እየተሰበረ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ሌሊት ለመጥባት አልነቃ ካለች፣ ከላላች፣ ለቅሶዋ ከቀጠነ፣ ወደ ኋላ ከተለጠጠች ወይም ካተኮሳት ጠዋትን አትጠብቁ፤ ጨቅላ የሚያስተኛ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፣ የዛሬውን ውጤት ወረቀትም ያዙ።