የቀርከሃ ቤት እና እሳት፦ ቦራክስ የተነከረ ቀርከሃ አይቃጠልም የሚባለው እውነት ነው?

የእንጅባራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ለእንግዳ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች ልሠራ ነው። ቋሚውም፣ ወራጁም፣ ግድግዳውም ቀርከሃ፤ ክዳኑ ሣር። አናጢው «ቦራክስ በሚባለው ነጭ የማዕድን ጨው ውኃ ከተነከረ እሳት አይነካውም» ይለኛል። እናቴ ደግሞ «ልጄ፣ ማገዶ ውስጥ እንግዳ ልታስተኛ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ማንን ልመን?

መሃንዲሱ፦
ወንድሜ፣ እናትህን እመን። ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በዋናነት የነቀዝ መድኃኒት ናቸው። እሳትን ትንሽ ያዘገያሉ እንጂ አያቆሙም፣ ዝናብ ካገኛቸውም ታጥበው ይሄዳሉ። ወፍራም ግንድ ሲቃጠል ውጭው ይከስልና ከሰሉ ውስጡን ይከላከልለታል፤ የደጋ ቀርከሃ ግን ውስጡ ባዶ ነው፣ ሥጋው አንድ ሴንቲ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ የሚከስል ትርፍ የለውም። ገና ሳይቀጣጠልም በሙቀቱ ብቻ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሰው የሚያድነው ልስን ነው። ኮሎምቢያ ውስጥ በቀርከሃ ቤት መሥራት የተለመደ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2010 የግንባታ ሕጋቸው ከሁለት ፎቅ በላይ አይፈቅድም፣ ግድግዳውንም በሽቦና በሲሚንቶ ይለስኑታል። ክዳኑን ቆርቆሮ አድርገው። የሣር ክዳን አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች።

ጨንቻ፦
እኔ ያደግሁት ዶርዜ ቤት ውስጥ ነው። እሳቱ የሚነደው እዚያው ቤት ውስጥ ነበር፣ ጭሱም ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቅልናል። ግን አያቴ ከእሳቱ አጠገብ አትጠፋም ነበር፣ ማታም ፍሙን አመድ አልብሳ ነው የምትተኛው። እንግዳ ይህን አያውቅም። ከሰል አስገብቶ ቡና ያፈላል፣ ስልኩን ሰክቶ ይተኛል። የጎረቤታችን ቤት ሲቃጠል አይቻለሁ፦ በየአንጓው የታመቀው አየር ሲፈነዳ ጥይት የሚተኮስ ነው የሚመስለው፣ ልጆቹን አውጥተው ለፍራሽ ሲመለሱ በሩ በእሳት ተዘግቶ ነበር። እባክህ ማብሰያውን ከክፍሎቹ አርቀህ ለብቻው ሥራው።

ሄለን፦
ቀርከሃው ላይ የምትለጥፉትንም አስቡበት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ሆንግ ኮንግ ውስጥ እድሳት ላይ የነበሩ ፎቆች ተቃጥለው ከ150 በላይ ሰው ሲሞት፣ ሁሉም መጀመሪያ ጣቱን የቀሰረው የቀርከሃው መወጣጫ ላይ ነበር። መርማሪዎቹ ግን እሳቱን ያስፋፋው መስኮት ላይ የተለጠፈው ፎምና መወጣጫው ላይ የተጋረደው ደረጃውን ያልጠበቀ መረብ ነው አሉ። እኛ ጋ ደግሞ የማዳበሪያ ኮርኒስ አለ። እሱን እንዳታስበው!

የእንጅባራ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሣሩ ቀረ፣ ኩሽናውም ወደ ጓሮ ሄዷል። ሲሚንቶ ግን ኪስ ይጎዳል። የጭቃ ምርጊት አይበቃም?

መሃንዲሱ፦
ይበቃል፣ በደንብ ከተሠራ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በደንብ ይቡካ፤ በውስጥም በውጭም ምረገው፣ ሲሰነጠቅም ድገመው፣ ምክንያቱም እሳት የሚገባው በስንጥቁ ነው። እንጅባራ ዝናቡ ብርቱ ስለሆነ ክዳኑን ከግድግዳው አስረዝመው። ቦራክሱንም አትተው፣ ከምርጊቱ ሥር ነቀዝ ቢበላው አታየውም። የመብራት ሽቦው በቱቦ ውስጥ ይለፍ። የየክፍሉ በር ወደ ውጭ ይከፈት፤ መስኮቱም ሰው የሚያሾልክ ይሁን፣ ፍርግርግ ብረት አታድርግበት።