«ሀሁ ዘፈን ነው» የተባለው ነገር

ጠመኔ፦
ትምህርት ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ «ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ሀሁ በዜማ አናስቆጥርም፤ ሀሁ ዘፈን ነው እንጂ ንባብ አይደለም» ተባለ። የፊደል ገበታውም ከግድግዳ ወርዷል። ይህን የተናገረው ሰው 60 ልጅ ፊት ቆሞ ያውቃል? መስከረም ላይ ከሚመጣው ልጅ ግማሹ መዋዕለ ሕፃናት ያለፈ ነው፣ ግማሹ እርሳስ ጨብጦ አያውቅም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያንቀሳቅስልህ ዜማው ነው። መጽሐፍ እስኪከፋፈል ድረስስ ከገበታው ሌላ ምን አለን?

የመንትዮች እናት፦
የተባለው ልክ ነው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳይሳሳት የሚወርድ ልጅ ፈልጉና ገበታው ላይ «ሶ»ን ብቻ ጠቁሙት። ከንፈሩን ተመልከቱ። ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ፣ ሴ፣ ስ እያለ በሹክሹክታ ከመጀመሪያው ተነሥቶ ነው ሶ ላይ የሚደርሰው። ይህ ልጅ ሶን አላወቃትም፤ ስንተኛ እንደሆነች ነው የሚያውቀው። ገበታውን አንሡና ሶን ለብቻዋ ወረቀት ላይ ጻፉለት፤ መነሻ ስለሌለው ዝም ይላል።

ጠመኔ፦
ቆጥሮም ቢሆን ደረሰባት። መሰላሉን ሳትሰጪው እንዴት ይውጣ? በቀን አንድ ቤት፣ ማለትም እንደ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ያለው ሰባቱ፣ ቢያዝ 33ቱ ቤት በ33 የትምህርት ቀን ያልቃል፤ ሰባት ሳምንት አይሞላም። እናንተ የምትሉትን በቀን ሁለት ፊደል ይዘን 231ዱን እንጨርስ ብንል 116 ቀን ይፈጃል። ከ23 የትምህርት ሳምንት በላይ ማለት ነው።

የቄስ ትምህርት፦
እኔን ያናደደኝ «ዘፈን» የምትለዋ ቃል ናት። የኔታ ዘፈን አላስተማሩም። ፊደል ቆጠራው እንዳለቀ አቡጊዳ ይከተላል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። አ ከመጀመሪያው ተራ ከግዕዝ፣ ቡ ከሁለተኛው ከካዕብ፣ ጊ ከሣልስ፣ ዳ ከራብዕ፣ ሄ ከኃምስ፣ ው ከስድስተኛው ከሳድስ፣ ዞ ከሳብዕ። ቤቱም ተራውም በየፊደሉ ይቀየራል። ልጁ በዜማ ተሸፍኖ እንዳያልፍ የተበጀ ማጣሪያ ነው። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ ላይ በቁጥር ንባብ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነጠለ ይጠራል፤ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ እያለ ነው ዳዊት የሚደርሰው። ትምህርት ቤቱ ግማሹን ወስዶ ግማሹን ጥሎ ሲያበቃ የጣለው ጎደለ ብሎ የወሰደውን ይሰድባል።

አንደኛ ሀ፦
የቄስ ትምህርት፣ ያልከው ትክክል ነው። ግን አቡጊዳውን ዛሬ የሚያስተምረው የት አለ? ያለው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው፣ የምንከራከረውም በእሱ ላይ ነው። ገበታው ይሰቀል፣ ግን መነሻው ቃል ይሁን። አምስት ቤት ብቻ ያዙ፦ ለ፣ መ፣ ሰ፣ በ፣ ተ። 35 ፊደል ነው። ከእነዚህ ብቻ ላም፣ ስም፣ ልብ፣ ቤት፣ ሴት፣ ሙሉ፣ ሰላም፣ ሰባት፣ ልብስ፣ ሌሊት ይጻፋል። መጀመሪያ በጭብጨባ ላ-ም፣ ሰ-ላ-ም ብለው በጆሮ ይለዩት፤ ከዚያ ፊደሉ ይምጣ። በሁለተኛው ሳምንት ቃል የሚያነብ ልጅ ይኖራችኋል። በዜማው በሁለተኛው ሳምንት ያለው «በ ቡ ቢ» ላይ ነው፣ አንድም ቃል አላነበበም።

ጠመኔ፦
«መነሻው ቃል ይሁን» ማለት ይቀላል። ዜማው የቅርጹን ሕግ ያሳያል። ካዕብ ወገቡ ላይ ቅጥያ፣ ሣልስ እግሩ ሥር ቅጥያ፣ ኃምስ እግሩ ሥር ቀለበት። ቡ፣ ሱ፣ ሙን ያየ ልጅ ቱን ማንም ሳይነግረው ያነባታል። ፊደሉን ስትበታትነው ይህን ሕግ ነው የምትበትነው።

አንደኛ ሀ፦
ሕጉ እስከ የት ይሄዳል? ካዕብ ላይ ሩና ፉ አፈንግጠዋል። ራብዕ ላይ ባ ቀኝ እግሯ ይረዝማል፣ ሳብዕ ላይ ቦ ግራ እግሯ ይረዝማል፤ ሎና ኖ ግን ቀለበት ነው ያላቸው። ሳድስ ላይ ጭራሽ ሕግ የለም፦ ል፣ ም፣ ስ፣ ብ፣ ት፤ አንዱ ሌላውን አይመስልም። ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ በብዛት የሚመጣው ሳድስ ነው። ሕግ ያላቸውን ለዜማው ተዋቸው፣ ሳድስን ግን አንድ በአንድ በቃል ውስጥ ካላስያዝክ ልጁ አያነብም።

የመንትዮች እናት፦
ባና ቦንም ጨምሩበት። ተመሳሳይ ነገር በአንድ ቀን ሲሰጥ ነው የሚምታታው። በአንድ ቤት ዜማ ሁለቱ እዚያው ቀን ይመጣሉ፤ ልጁ ደብተሩ ላይ ሲጽፍ የትኛው እግር እንደረዘመ ይጠፋዋል። ባ ዛሬ ብትሰጥ፣ ቦ ከሳምንት በኋላ ብትመጣ ይህ ሁሉ ስህተት አይኖርም።

ጠመኔ፦
ጎን ለጎን ካላያቸው ልዩነቱን በምን ይለያል? እንዲያውም ሁለቱን አቀራርበህ «የቱ እግር ነው የረዘመው?» ብለህ ነው የምትጠይቀው።

ሱፐርቪዥን፦
ከዜማ ወደ ቁጥር እንምጣ። በፈረንጆቹ 2010 በስምንት ክልሎች ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ላይ የንባብ ምዘና ተደርጓል። ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ቃል ማንበብ ያቃታቸው ልጆች ብዙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች እንደገና የተዘጋጁት፣ ድምፅና ቃል መነሻ የሆነው። ዝም ብሎ የመጣ ፋሽን አይደለም።

የቄስ ትምህርት፦
ያው ምዘና ውስጥ ኦሮምኛም ሶማልኛም ሲዳምኛም ነበሩ። በላቲን ነው የሚጻፉት፣ ሀሁ የለባቸውም። እዚያም ማንበብ ያቃታቸው ሞልተው ነበር። ታዲያ ጥፋቱ እንዴት የዜማው ሆነ? በአንድ ዴስክ አራት ልጅ ተቀምጦ፣ ጥግ ያለው ሰሌዳውን በጎን እያየ፣ መጽሐፍ ዘግይቶ እየደረሰ፣ እናንተ የያዛችሁት ዜማውን ነው።

ሱፐርቪዥን፦
ጥፋቱ የዜማው ብቻ ነው አላልኩም። ሸክሙ ይቀንስ ነው የምለው። አማርኛ ላይ ሐ እና ኀ ከሀ፣ ሠ ከሰ፣ ዐ ከአ፣ ፀ ከጸ በድምፅ አይለዩም። አምስት ቤት፣ 35 ፊደል ነው። አንደኛ ክፍል ላይ ቢቆዩ 231ዱ 196 ይሆናል። ልጁ ንጉሥን በ«ስ» ቢጽፍ ምን ይቀርበታል?

የቄስ ትምህርት፦
«ቢቆዩ» ተብሎ የተጀመረ ነገር «ይቅሩ» ሆኖ ነው የሚያልቀው። ሠረቀ ሲል ወጣ ነው፣ ሰረቀ ሲል ሌባ ነው። ግዕዙ የሚገባው ልጅ ከየት ይመጣል?

ሱፐርቪዥን፦
ወንድሜ፣ እሱ ግዕዝ ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅ የሚማረው አማርኛ ነው።

አንደኛ ሀ፦
ሁለታችሁም ሰሌዳውን እዩ። ጠዋት መጀመሪያ የሚጻፈው ቀኑ ነው፣ መጨረሻው «ዓ.ም.» ነው። ዓ ከመጀመሪያው ቀን ልጁ ዓይን ፊት ናት። ስለዚህ ይወቃት፣ «አንድ ድምፅ ናቸው» ተብሎ ይነገረውና ይለፍ። ለማስጻፍና ለፈተና ነው የሚቆየው። ይልቅ ስለ ማጥበቅና ማላላት ለምን አንነጋገርም? «አለ» ላይ ልጁ ፊደሉን ያውቃል፣ አለ የሚለው መኖርን ይሁን መናገርን ግን ፊደሉ አይነግረውም። ይህን የሚፈታው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ጠመኔ፦
ከርዕስ አትውጡ። መምህር፣ አንተ ያልከውን ልፈጽም ብል ማን ምን እንዳወቀ በምን አውቃለሁ? ዜማ ላይ ቢያንስ አፉን ያልከፈተው ይታየኛል።

አንደኛ ሀ፦
አፉን የከፈተ ሁሉ አወቀ ማለት አይደለም፤ ከጎኑ ያለውን እየተከተለ ግማሽ ድምፅ ዘግይቶ የሚገባው ብዙ ነው። 60 ልጅን በአንድ ክፍለ ጊዜ ልጠይቅ ካልክ 40 ደቂቃው ለአንዱ 40 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ሥራ አይሠራም። በቀን 12 ልጅ ያዝ፣ በዴስክ ተራ፤ ዓርብ ላይ 60ው ይሞላል። ከካርቶን መሃሉን በፊደል ልክ ቅደድና ገበታው ላይ አንሸራትተው፤ የሚታየው አንድ ፊደል ብቻ ይሁን። ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ለአንድ ልጅ አምስት ፊደል ይበቃል። የሳተውን ጻፍ፤ ሰኞ የምትጀምረው ከእሱ ነው።

ጠመኔ፦
48ቱስ በዚያ ሰዓት ምን ያደርጋሉ?

አንደኛ ሀ፦
ይጽፋሉ።

የመንትዮች እናት፦
እዚህ ላይ ከመምህሩ ጋር አልስማማም። ከሰሌዳ መገልበጥ መጻፍ አይደለም። ደብተሩ ሙሉ ቆንጆ «ለ ሉ ሊ» ሆኖ አንዷን የማያነብ ልጅ አለ፤ ሥዕል እየሣለ ነው። ሲገለብጥም አንዱን ፊደል መስመሩን ሙሉ ወደ ታች ይጽፋል እንጂ ቃሉን አይጽፍም። ቃሉ ይደምሰስና ከጆሮው ይጻፍ።

ጠመኔ፦
ዳስተሩን ይዞ የሚደመስሰው 12ቱን የሚጠይቀው ያው አንድ መምህር ነው። ሰልፍ ኮንቴይንድ ክፍል ነው፤ ሒሳቡም አካባቢ ሳይንሱም የሱ ነው።

የቄስ ትምህርት፦
የኔታ ቤት ቀድሞ የለየው ልጅ ነው ታናሹን የሚያስቆጥረው። ከመዋዕለ ሕፃናት የመጣው ግማሽ ምን ያደርጋል? ካርቶኑን ስጡት።

አንደኛ ሀ፦
ይሠራል። ግን ጠመኔ፣ ልመልስህ። «መስከረም» የሚለውን ቃል ወሩን ሙሉ ሰሌዳው አናት ላይ ትጽፈዋለህ። መጀመሪያው መ፣ መጨረሻው ም፤ አንድ ቤት ሁለት ቅርጽ። በየጠዋቱ ጣትህን አድርገህ አስነብበው፣ ሌላ መጽሐፍ አያስፈልግም።

ጠመኔ፦
ልጁ ቃሉን በመልክ ይሸመድደዋል። አንተ «ዘፈን» ያልከው በሌላ መንገድ መጣ።

አንደኛ ሀ፦
«ዘፈን» ያልኩት እኔ አይደለሁም። ለመሸምደዱ ደግሞ ጥቅምት ሲገባ ይታያል። ጥ፣ ቅ፣ ም፣ ት፤ አራቱም ሳድስ ናቸው። ጥቅምት 1 ቀን ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጻፍ፣ ምን እንደሆነ አትንገራቸው፣ ከየዴስኩ አንድ ልጅ አስነብብ። ከንፈራቸውን እይ።

ጠመኔ፦
አስነብባለሁ። በዜማው ያስተማርኳቸውን ነው የማስነብበው።